ፍጹም ኅዋ የሌለበት ሜካኒክስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የኒውተንን ሦስት ሕጎች ተምረው “ለመሆኑ አንድ ነገር ቆሟል ወይም ይንቀሳቀሳል የምንለው ከምን አንጻር ነው?” የሚለው ጥያቄ ዕረፍት ለነሳቸው አንባቢዎች የተዘጋጀ ነው። ጥያቄው ሲሰሙት የሕፃን ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን ከ300 ዓመት በላይ የሊቃውንትን አእምሮ ሲያስጨንቅ ኖሯል፤ እኔንም ፊዚክስ መማር ከጀመርሁ አንሥቶ አልለቀቀኝም። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍጹም ኅዋ ሲባል ምን ማለት ነው?

ኒውተን በ1687 ባሳተመው “ፕሪንኪፒያ” መግቢያ አካባቢ፣ ከትርጓሜዎቹ ቀጥሎ፣ ስለ ጊዜና ስለ ኅዋ ረዘም ያለ ማብራሪያ አስገብቷል። በዚያ ማብራሪያ መሠረት ፍጹም ኅዋ ከማንኛውም ውጫዊ ነገር ጋር ሳይያያዝ ምንጊዜም አንድ ዓይነትና የማይንቀሳቀስ ሆኖ ይኖራል። ፍጹም ጊዜም እንዲሁ በዓለም ላይ የሚሆነው ቢሆን ባይሆን በእኩል ይፈስሳል።

አንድ ቤት አስቡ። ወንበሩም፣ ጠረጴዛውም፣ አልጋውም ተጭኖ ሲወጣ ባዶው ቤት ይቀራል። የኒውተን ፍጹም ኅዋ ያ ባዶ ቤት ነው። ፀሐይ፣ ምድር፣ ከዋክብት ሁሉ ቢጠፉ እንኳ ይቀራል። ተቃዋሚዎቹ የሚሉት ደግሞ መጀመሪያውኑ ቤት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ያሉት ዕቃዎቹና በዕቃዎቹ መካከል ያለው ርቀት ብቻ ናቸው ነው።

ዝምድናዊ ሜካኒክስስ?

በሁለተኛው ሐሳብ ላይ የሚገነባ ሜካኒክስ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለእንግዳ ቤታችንን ስንጠቁም የመንገድ ቁጥር የምንጠራ ጥቂቶች ነን። “ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ፋርማሲው ጋ ሲደርሱ ወደ ግራ፣ ሰማያዊው በር” እንላለን። ቦታ ማለት ለእኛ የነገሮች ዝምድና ነው። እስቲ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያኑም፣ ፋርማሲው፣ ሰማያዊው በር፣ ከተማው ሁሉ፣ ምድሪቱና ከዋክብቱም ጭምር አንድ ላይ ሦስት እርምጃ ወደ ምሥራቅ ተገፉ እንበል። ጠዋት ላይ ምን ይለወጣል? ምንም። እንግዳውም መንገድ አይስትም። ዝምድናዊ አሳቢ እንግዲህ “በምንም መንገድ ሊታወቅ የማይችል መገፋት መገፋት አይባልም” ይላል።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታ፦ ዝምድናዊ ሜካኒክስና የአይንስታይን አንጻራዊነት አንድ አይደሉም። አንጻራዊነት ሕጎቹ ለተለያዩ ተመልካቾች እንዴት አንድ ዓይነት እንደሚሆኑ ይናገራል። ዝምድናዊነት ደግሞ ሕጎቹ ሲጻፉ በውስጣቸው ምን ዓይነት መጠን ሊገባ ይገባል የሚለውን ይጠይቃል፤ መልሱም በነገሮች መካከል ያለ ርቀትና የርቀቱ ለውጥ ብቻ የሚል ነው።

ኒውተን ይህን ያህል የማይታይ ነገር ለምን አስፈለገው?

ብዙ ጊዜ ኒውተን በዚህ ነጥብ ላይ እንደ ተሳሳተ ሰው ይቀርባል። ይህ ፍትሐዊ አይደለም። የመጀመሪያው ሕጉ ኃይል ያላረፈበት ነገር “በቀጥታ መስመርና በማይለወጥ ፍጥነት” ይጓዛል ይላል። ቀጥታው ከምን አንጻር ነው? አደባባይ በሚዞር ታክሲ ውስጥ ከተቀመጠ ሰው አንጻር ቀጥተኛ የሆነ መንገድ ዳር ቆሞ ለሚያየው ጠማማ ነው። ኒውተን ይህን ክፍተት በግልጽ አይቶታል። ክፍተቱን ለመሙላትም ማንም ደግሞ ሊሠራው የሚችል ሙከራ አቀረበ። ታዋቂው የባልዲ ሙከራ ይኸው ነው።

ሙከራውን እኔም ከተማሪዎቼ ጋር ደጋግሜ ሠርቼዋለሁና አካሄዱን ልንገራችሁ። ባልዲውን በረጅም ገመድ ከጠንካራ ቅርንጫፍ ላይ አንጠልጥሉ። ገመዱ በደንብ እስኪከር ድረስ ባልዲውን በእጃችሁ አዙሩት። ውኃ ጨምሩበት፤ ጥቂት ደረቅ የሻይ ቅጠልም በትኑበት። ውኃው እስኪረጋ ድረስ ባልዲውን ይዛችሁ ጠብቁና ልቀቁት።

መጀመሪያ ባልዲው ይሽከረከራል፤ ሻይ ቅጠሉ ግን ባለበት ነው። የውኃው ገጽ ጠፍጣፋ ነው። ጥቂት ቆይቶ ውኃው የባልዲውን ዙረት ይይዛል፤ ቅጠሉና የባልዲው ግድግዳ አብረው ይዞራሉ፤ በመካከላቸው እንቅስቃሴ የለም። ይህን ጊዜ ገጹ መሐሉ ጎድጉዶ ዳር ዳሩ ወደ ላይ ይወጣል። አሁን ባልዲውን ድንገት በሁለት እጅ ያዙት። ባልዲው ቆሟል፤ ውኃው ግን ይዞራል፤ ገጹም እንደጎደጎደ ነው። ጉድጓዱ ትንሽ አይደለም፤ ከመሐል እስከ ግድግዳው 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባልዲ በሰከንድ አንድ ጊዜ ቢዞር፣ ከመሐል እስከ ዳር ያለው የውኃ ከፍታ ልዩነት 4.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል።

የኒውተን ክርክር ይህ ነው፦ በመጀመሪያው ደረጃ በውኃውና በባልዲው መካከል ከፍተኛ እንቅስቃሴ አለ፣ ጉድጓድ ግን የለም። በሁለተኛው በመካከላቸው እንቅስቃሴ የለም፣ ጉድጓድ ግን አለ። በሦስተኛው ሁለቱም አሉ። ስለዚህ ጉድጓዱን የሚፈጥረው ከባልዲው አንጻር መዞር አይደለም። ታዲያ ከምን አንጻር? ኒውተን “ከፍጹም ኅዋ አንጻር” ብሎ መለሰ። በሌላ ምሳሌም በገመድ የተያያዙ ሁለት ኳሶች በባዶ ዓለም ውስጥ ቢሽከረከሩ የገመዱ መወጠር ብቻውን ዙረታቸውን ይናገራል አለ።

ላይብኒዝ ምን መለሰ?

ጀርመናዊው ፈላስፋና የሒሳብ ሊቅ ጎትፍሪድ ላይብኒዝና የኒውተን ወዳጅ የሆነው ሳሙኤል ክላርክ በ1715 እና በ1716 በዌልስ ልዕልት በካሮላይን በኩል እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ደብዳቤ ተጻጽፈዋል። ላይብኒዝ ኅዋ ማለት አብረው ያሉ ነገሮች አደረጃጀት፣ ጊዜ ደግሞ የተከታታይ ሁነቶች ቅደም ተከተል ነው አለ። ቀደም ብዬ ያቀረብሁት የመገፋት ምሳሌ መንፈሱ የእርሱ ነው። እግዚአብሔር ዓለሙን እዚህ ሳይሆን ጥቂት ወዲያ ፈቀቅ አድርጎ የሚፈጥርበት አንዳች በቂ ምክንያት ሊኖር ስለማይችል፣ “እዚህ” እና “ወዲያ” የሚለው ልዩነት ራሱ የለም ማለቱ ነው።

መገፋትን በሚመለከት ላይብኒዝ ረትቷል ብዬ አምናለሁ። ዙረትን በሚመለከት ግን መልስ አልነበረውም። በአምስተኛው ደብዳቤ በኒውተን ማብራሪያ ውስጥ የኅዋን በራሱ መኖር የሚያረጋግጥ ነገር እንዳላገኘ ቢጽፍም፣ የአንድ አካል እውነተኛ እንቅስቃሴ ከዝምድና ለውጥ የተለየ መሆኑን እዚያው አምኗል። ባልዲውን አልነካውም። በኅዳር 1716 ዐረፈና ክርክሩ ተቋረጠ። ዝምድናዊነትን የምወድ ሰው እንደመሆኔ ይህ ክፍተት ያሳዝነኛል፤ ቀጥሎ ለመጡት ወደ 170 የሚጠጉ ዓመታት የኒውተን ወገን በነፃነት የተራመደው በዚህ ክፍተት ነው።

ኤርንስት ማኽ ምን አዲስ ነገር አመጣ?

ፈላስፋው ጆርጅ በርክሊ በ1721 ዙረት መታየት ያለበት ከከዋክብት አንጻር ነው የሚል ሐሳብ አንሥቶ ነበር። የኦስትሪያው የፊዚክስ ሊቅ ማኽ ደግሞ በ1883 ይህን ወደ ፊዚክስ አመጣው። የባልዲው ሙከራ የሚያሳየው ከባልዲው ስስ ግድግዳ አንጻር መዞር የሚታይ ኃይል እንደማይፈጥር ብቻ ነው አለ። ከምድርና ከሰማይ አካላት አንጻር መዞር ግን ይፈጥራል። የባልዲው ግድግዳ ውፍረቱና መጠነ ቁሱ እየጨመረ ሄዶ ብዙ ኪሎ ሜትር ቢደርስ ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል? ማንም።

የዚህን አነጋገር ጥንካሬ አቅልላችሁ እንዳታዩት። ኒውተን ከዓለም ሁሉ ነጥሎ ባልዲና ውኃን ብቻ ተመለከተ፤ ነገር ግን ሙከራው የተካሄደው ከዋክብት ባሉበት ዓለም ነው። ከዋክብቱን አውጥቶ ደግሞ የሠራው ሰው የለም። ማኽ በዚህ ኢነርሺያ፣ ማለትም አካላት የፍጥነት ለውጥን የመቃወም ባሕርያቸው፣ ከሩቅ ቁስ ጋር ካላቸው ዝምድና የመነጨ ሊሆን እንደሚችል በር ከፈተ። ቀመር ግን አልሰጠም፤ ትልቁ ጉድለቱ ይህ ነው።

ኢነርሺያዊ ማዕቀፍ የሚለው ሐሳብ ችግሩን አልፈታውም?

በዩኒቨርሲቲ መጻሕፍት “ፍጹም ኅዋ አያስፈልግም፤ ኢነርሺያዊ ማዕቀፍ ይበቃል” ተብሎ ይታለፋል፤ ኢነርሺያዊ ማዕቀፍ ማለት የኒውተን የመጀመሪያ ሕግ የሚሠራበት የመለኪያ ማዕቀፍ ነው። ሐሳቡ የሉድቪግ ላንገ ነው፤ በ1885። በኃይል ያልተነኩ ሦስት ቅንጣቶች በተለያየ አቅጣጫ ቢወረወሩ፣ ሦስቱም በቀጥታ የሚሄዱበትን ማዕቀፍ መሥራት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ አራተኛውም፣ አምስተኛውም በዚያው ማዕቀፍ ውስጥ በቀጥታ ይሄዳል።

ይህ ለሥራ ይበቃል፤ ለማስተዋል ግን አይበቃም። አራተኛው ቅንጣት ከሦስቱ ጋር የሚስማማው ለምንድን ነው? ማን ነገረው? ላንገ ማዕቀፉን እንዴት እንደምናገኘው ነገረን እንጂ ከየት እንደመጣ አልነገረንም።

ዝምድናዊ ሜካኒክስ ቀመር አለው ወይስ ፍልስፍና ብቻ ነው?

ቀመር አለው። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማብራራት እወዳለሁ፤ የጉዳዩ ሁሉ ውበት ያለው እዚህ ነውና።

በመጀመሪያ ችግሩን በቁጥር እንየው። በስበት የሚሳሳቡ ሦስት አካላት አሉ እንበል። በመካከላቸው ያሉትን ሦስት ርቀቶችና ርቀቶቹ የሚለወጡባቸውን ሦስት ፍጥነቶች ብታውቁ፣ ስለ ዝምድናቸው በዚያች ቅጽበት የሚታወቀውን ሁሉ አወቃችሁ። የወደፊቱን ለመተንበይ ይበቃልን? በኒውተን ሕግ አይበቃም። ሦስት ተጨማሪ ቁጥሮች ያስፈልጋሉ፤ እነርሱም ሥርዓቱ በጠቅላላው ምን ያህልና በየትኛው አቅጣጫ እንደሚዞር የሚናገሩ፣ የዙረት ሞመንተም የሚባሉት ናቸው። አካላቱ አራትም ይሁኑ አንድ ሚሊዮን የሚጎድሉት ቁጥሮች ሁልጊዜ ሦስት ናቸው። ይህን እንከን አንሪ ፖንካሬ በ1902 በግልጽ ጽፎታል። ለእኔ የፍጹም ኅዋ ምስጢር በሙሉ የተቋጠረው በእነዚህ ሦስት ቁጥሮች ውስጥ ነው። ኒውተን ትልቅ የማይታይ መድረክ የሠራው ሦስት ቁጥሮችን የሚያስቀምጥበት ቦታ ስላጣ ነው ማለት ይቻላል።

እንግሊዛዊው ጁሊያን ባርበርና ጣሊያናዊው ብሩኖ ቤርቶቲ በ1982 ባሳተሙት ሥራ መፍትሔ አቀረቡ። ብርሃን የሚያሳልፍ ሁለት ስስ ወረቀት ውሰዱ። በአንደኛው ላይ ሦስቱ አካላት አሁን የሚሠሩትን ሦስት ማዕዘን በነጥብ ሣሉ፤ በሁለተኛው ላይ ደግሞ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሚሠሩትን። ቅርጹ በትንሹ ተለውጧል። አንዱን ወረቀት በሌላው ላይ ደርቡ። ነጥቦቹ በትክክል አይገጥሙም፤ ወረቀቱ የተቀመጠበት ቦታም ትርጉም የለውም፤ ምክንያቱም መድረክ የለም። እንግዲህ የላይኛውን ወረቀት ግፉት፣ አዙሩት፤ በነጥቦቹ መካከል ያለው ጠቅላላ አለመግጠም ከሁሉ ያነሰ እስኪሆን ድረስ አስተካክሉት። አለመግጠሙ የሚለካው የእያንዳንዱን ነጥብ ፈቀቅታ በራሱ አባዝቶ፣ በመጠነ ቁሱ አብዝቶ፣ ሁሉንም በመደመር ነው። የመጨረሻው ትንሹ ቁጥር የሁለቱ ቅርጾች እውነተኛ ልዩነት ነው። “ከሁሉ የተሻለው ግጥምጥም” ልንለው እንችላለን።

ይህን ልዩነት ይዘን፣ ስበቱን በተገቢው መንገድ አካተን፣ ከአንድ ቅርጽ ወደ ሌላ ቅርጽ የሚያደርሰውን አጭሩን መንገድ እንፈልጋለን። የሚገኘው ውጤት የሚያስደንቅ ነው። ወረቀቶቹን በግጥምጥማቸው መሠረት እንደ መጽሐፍ ገጽ አንዱን በሌላው ላይ ስንደራርባቸው አካላቱ ልክ ኒውተን እንደተናገረው ይንቀሳቀሳሉ። ኢነርሺያዊው ማዕቀፍ ከሰማይ አልወረደም፤ ከወረቀቶቹ አደራረብ ራሱ ወጣ። አራተኛው ቅንጣት ከሦስቱ ጋር የሚስማማውም ግጥምጥሙ የሚሠራው ሁሉንም አካላት በአንድነት ይዞ ስለሆነ ነው። ጎደሉ ያልናቸው ሦስት ቁጥሮችም መልስ አገኙ፦ ሦስቱም ዜሮ ናቸው። የዓለሙ ጠቅላላ የዙረት ሞመንተም ዜሮ ነው።

ግን ምድርም ፀሐይም ይዞራሉ። ዜሮ እንዴት ይሆናል?

ዜሮ የሚሆነው የሁሉም ድምር ነው። የፀሐይ ሥርዓት ወደ አንድ ወገን ይዙር፣ ሌላው ወደ ሌላ ወገን፤ ጠቅላላ ሒሳቡ ግን ተጣፍቶ ዜሮ ይሆናል። ባልዲውም ስለዚህ አያስቸግርም። ባልዲውና ውኃው የዓለም ቅንጣት ክፍል ስለሆኑ ከቀሪው ዓለም አንጻር መዞር ይችላሉ፤ ገጹም ይጎደጉዳል። ሊሆን የማይችለው የዓለሙ ሁሉ ባንድነት መዞር ነው።

ጊዜስ? እርሱም ዝምድና ነው?

በባርበርና በቤርቶቲ ሥራ አዎን። የጊዜ መጠን የሚወሰነው አካላቱ ባንድነት ምን ያህል እንደተንቀሳቀሱ ነው፤ ከዚያ ውጭ የሚመታ ሰዓት የለም። ይህ እንግዳ ቢመስልም ሥነ ፈለክ አጥኚዎች በተግባር ኖረውበታል። የምድር ዙረት ያልተስተካከለ መሆኑ ሲታወቅ የጨረቃንና የፈለኮችን እንቅስቃሴ አንድ ላይ ይዘው፣ የኒውተን ሕጎች ለሁሉም እንዲሠሩ የሚያደርገውን ጊዜ ፈልገው አወጡ። ሰከንድ ከ1956 እስከ 1967 የተተረጎመው በዚህ መንገድ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በአቶም ይለካል።

የእኛ አገር ሰዓት ከፀሐይ መውጣት ተነሥቶ “አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት” እያለ መቁጠሩን በዚህ ምዕራፍ ላይ ሳስተምር ሁልጊዜ አነሣዋለሁ። ጊዜን ከሚታይ ነገር ጋር አስተሳስሮ መቁጠር ለአማርኛ ተናጋሪ ባዳ ሐሳብ አይደለም።

በሙከራ ሊፈተን ይችላል?

ሁሉም ዝምድናዊ ሐሳቦች አንድ አይደሉምና ለየብቻ ማየት ይገባል። ራይስነር በ1914፣ ሽሮዲንገር በ1925 ያቀረቧቸው ቀመሮች የኢነርሺያን ምንጭ በአካላት ጥንድ ጥንድ መስተጋብር ላይ ያደርጉታል። እንዲህ ከሆነ ግን ችግር ይመጣል፦ የጋላክሲያችን ብዙ ቁስ በአንድ ወገን ስለተከማቸ፣ አንድ አካል ወደዚያ ወገን ሲገፋና ወደ ጎን ሲገፋ የሚያሳየው መጠነ ቁስ ሊለያይ ይገባል። ቨርኖን ሂዩዝና ባልደረቦቹ በ1960፣ ሮናልድ ድሬቨርም በዚያው ወቅት በስኮትላንድ፣ የሊቲየም አስኳል ላይ ይህን ፈለጉ። ምንም አልተገኘም፤ ልዩነት ቢኖር እንኳ ከ1 በ100 ቢሊዮን ቢሊዮን ክፍል ያነሰ መሆኑን የሂዩዝ ሙከራ አሳየ። እነዚህ ቀመሮች በቀላሉ ከዚህ ሊያመልጡ አይችሉም። የግጥምጥሙ መንገድ ግን መጠነ ቁስን በአቅጣጫ አይለያይምና ይህ ሙከራ አይነካውም።

የዓለም ዙረት ዜሮ መሆን በበኩሉ ከምልከታ ጋር ይስማማል። ከሰማይ ሁሉ የሚመጣው የማይክሮዌቭ ጨረር፣ የፕላንክ ሳተላይት በዝርዝር እንደለካው፣ ዓለም በጠቅላላው ለመዞሩ ምልክት አላሳየም። መስማማት ማረጋገጥ ማለት አይደለም፤ ለዚህ ምልከታ ሌሎች ማብራሪያዎችም አሉ። ነገር ግን ኒውተን ያለ ምክንያት ክፍት የተወውን ቁጥር ዝምድናዊው ንድፈ ሐሳብ አስቀድሞ ይወስነዋል። ለአደጋ ራሱን የሚያጋልጥ ሐሳብ ደግሞ ከማያጋልጠው ይሻላል።

አይንስታይን ጉዳዩን አልዘጋውም?

አልዘጋውም። “የማኽ መርሕ” የሚለውን ስያሜ በ1918 የሰጠው ራሱ አይንስታይን ነው፤ አጠቃላይ አንጻራዊነትን ሲፈልግ የመራውም ይኸው ምኞት ነበር። ሆኖም የንድፈ ሐሳቡ ቀመሮች ፈጽሞ ባዶ ለሆነ ዓለም እንኳ መፍትሔ አላቸው፤ በዚያ ባዶ ዓለም ኢነርሺያ አለ። ኩርት ጎደል በ1949 ጠቅላላው ቁስ የሚዞርበትን መፍትሔ አገኘ። አይንስታይን በኋለኛው ዘመኑ መርሑን ትቶታል።

ያም ሆኖ የማኽ ወፍራም ባልዲ ነገር ውሸት ሆኖ አልቀረም። የሚዞር ቁስ በዙሪያው ያለውን ኢነርሺያዊ ማዕቀፍ በጥቂቱ ይጎትታል። በ2004 የመጠቀው ግራቪቲ ፕሮብ ቢ ሳተላይት በጋይሮስኮፖቹ፣ ማለትም አቅጣጫቸውን ጠብቀው በሚሽከረከሩ ኳሶቹ፣ ይህን የምድር ጉተታ ለክቷል፤ በ2011 የወጣው ውጤት ከትንበያው ጋር በስሕተት ወሰኑ ውስጥ ይገጥማል። ምድር እጅግ ቀጭን ባልዲ ናት፤ ቢሆንም ትጎትታለች።

መሐንዲስ ይህን ማወቅ ያስፈልገዋል?

ድልድይ ለመሥራት አያስፈልግም፤ ስሌቱ አንድ ነው። ይሁንና በዓለም አቀፍ ደረጃ የሰማይ አቅጣጫ የሚለካበት ማዕቀፍ ከ1998 ጀምሮ የተመሠረተው ኳሳር በሚባሉ እጅግ ሩቅና ደማቅ የጋላክሲ እምብርቶች ላይ ነው። “የማይዞር” ስንል በተግባር “ከእነርሱ አንጻር የማይዞር” ማለታችን ነው።

አዲስ አበባ ላይ ሆኜ በዓይኔ የማየው ነገር አለ?

አለ፤ የፉኮ ፔንዱለም። ሌዎን ፉኮ በ1851 ፓሪስ በሚገኘው ፓንቴዎን 67 ሜትር ርዝመት ባለው ሽቦ 28 ኪሎ ግራም የሚመዝን ኳስ አንጠልጥሎ ለሕዝብ አሳየ። ኳሱ የሚወዛወዝበት መስመር ቀስ እያለ ይዞራል። ሙሉ ዙር ለመጨረስ ፓሪስ ላይ 32 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ፣ ከወገቡ 9 ዲግሪ ገደማ ወደ ሰሜን፣ ዙሩ እጅግ ይዘገያል፤ ወደ 152 ሰዓት ተኩል፣ ማለትም ከ6 ቀን በላይ።

ይህ ተስፋ አያስቆርጣችሁ። መስመሩ በሰዓት 2.4 ዲግሪ ገደማ ይዞራል። ኳሱ ከመሐል አንድ ሜትር ድረስ የሚወዛወዝ ከሆነ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጫፉ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ፈቀቅ ይላል። ሽቦው የሚታሰርበት ጫፍ በየአቅጣጫው እኩል ነፃ መሆን አለበት፤ ያለበለዚያ መስመሩ ወደ ሞላላ ይበላሻል። ኳሱን በእጅ አትልቀቁት፤ በክር ወደ ጎን አስራችሁ ፈጽሞ ሲረጋ ክሩን በክብሪት አቃጥሉት። ወለሉ ላይ በጠመኔ አንድ መስመር አስምሩና ሰዓት ያዙ። በቂ ከፍታ ያለው አዳራሽ ካገኛችሁ፣ ምሳ በልታችሁ ስትመለሱ ኳሱ መስመሩን ትቶ ታገኙታላችሁ። የዙሩን ፍጥነት ለማስላት የምታስገቡት የቀን ርዝመትም በፀሐይ የሚለካው 24 ሰዓት ሳይሆን ከከዋክብት አንጻር የሚለካው 23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ነው።